ከኬሞ በኋላ ወተት የማይስማማው ሆድ፦ ምንድን ነው?

ለካንሰር የተሰጠው ኬሞ (ኬሞቴራፒ) ካለቀ ወራት አልፈዋል። ጸጉር በቅሏል፣ የምግብ ፍላጎትም መለስ ብሏል። ሆድ ግን እምቢ እንዳለ ነው፤ ይነፋል፣ ያጉረመርማል፣ ሲብስበትም ወደ ሽንት ቤት ያስሮጣል። ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ፣ እንዲህ የሰነበተ በሽተኛ ዘንድ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። ወተት ይዞ ይመጣል። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ ጠጣት፣ አቅም ትሆንሃለች» ይባላል። በሽተኛውም አፍሮ ይጠጣል። ማታውን ደግሞ ሲመላለስ ያድራል።

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። እሱን የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ የሚገኘውም በትንሹ አንጀት ሽፋን ላይ ነው። ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ያጠቃል። የካንሰር ሴል እንዲያ ነው። በየጥቂት ቀኑ የሚታደሰው የአንጀት ሽፋንም እንዲያው ነውና አብሮ ይመታል። ሽፋኑ ሲጎዳ ላክቴዝ ይቀንሳል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ውኃ ይስባል፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎችም ያብላሉታል። ንፋቱ፣ ቁርጠቱና ተቅማጡ ከዚህ ይመጣል። እንደ ፍሎሮዩራሲል፣ ካፔሲታቢንና አይሪኖቴካን ያሉ የኬሞ መድኃኒቶች በተለይ አንጀት ላይ ይበረታሉ።

ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ሲያገግም ችግሩም እየቀለለ ይሄዳል። ሆድ ላይ ጨረር የተሰጠው ወይም አንጀቱ ተቆርጦ የተሰፋለት ሰው ግን ረዘም ላለ ጊዜ ሊቸገር ይችላል። ከመጀመሪያውም ላክቴዙ አነስተኛ የሆነ አዋቂ ብዙ ነው፤ ኬሞው የቆየውን ድክመት ገሃድ ያወጣበታል።

እኛ አገር አንድ ጥሩ ፍንጭ አለ፤ ጾም። «ሁዳዴን ሙሉ ደህና ሰንብቼ ፋሲካ ሲገባ ተነሣብኝ» የሚል ሰው ወተትን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። እርግጥ በፋሲካ ዶሮውም፣ ሥጋውም፣ ቅቤውም አብሮ ስለሚገባ ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የተሻለው መንገድ ሌላውን ምግብ እንዳለ ይዞ ወተትን ብቻ ለሁለት ሳምንት መተው ነው። ከዚያ ግማሽ ስኒ ከምግብ ጋር ሞክሮ ማየት።

ወተት ካልተስማማ የወተት ዘር ሁሉ ይቅር ማለት አይደለም። እርጎ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ የተወሰነውን ስለሚበሉት ብዙ ሰው ይችለዋል። አይብ ሲወጣ አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ «አጓት ለሆድ ቀላል ነው» ተብሎ ለእንዲህ ያለ በሽተኛ መስጠት ነገሩን ማባባስ ነው። ቅቤ ላይ ላክቶስ የለም ማለት ይቻላል፤ የሸኖ ለጋም ቢሆን በዚህ በኩል አይከሰስም። ቅባት የሚያስቸግረው ሰው ካለ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ ያልፈላ ወተትና ከእሱ የረጋ እርጎ ይቅር፤ በተለይ ኬሞው ገና ካላለቀና ነጭ የደም ሴል ዝቅ ካለ።

ሁሉንም በወተት ማሳበብም አይሆንም። ቪንክሪስቲን የተባለውን የኬሞ መድኃኒት የወሰደ ሰው የአንጀቱ ነርቭ ተጎድቶ ሆዱ ሊደርቅ ይችላል፤ የማስታወክና የሕመም ማስታገሻዎችም ያደርቃሉ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ የሐሞት አሲድ በደንብ ሳይመጠጥ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ያስቀምጣል። ጃርዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስም ቢሆን ኬሞ ስለተወሰደ አይቀርም፤ እሱ ራሱ ወተት አልስማማ እንዲል ያደርጋል። ለዚህ ነው ሰገራ ሳይመረመር «አሜባ ነው» ተብሎ ከፋርማሲ ፍላጅል መግዛት የሚያናድደኝ። ደጋግሞ መዋጥ የቀረውን የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል።

ሆድ በሚያስቀምጥበት ሰሞን ቆሎና ባቄላ ይረፉ። በውኃ የተሠራ የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ ይሻላል። ጠያቂም ወተቱን ትቶ አጥሚቱን ቢያመጣ ተመስገን ነው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከደብረ ብርሃን ለቀጠሮ አዲስ አበባ የሚወርዱ ሰዎች መንገድ ላይ እንዳያስቸግራቸው ብለው ምግብም ውኃም ሳይቀምሱ ይሳፈራሉ። ምግቡን መቀነስ ያስኬዳል፤ ውኃውን ግን አይደለም። ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካውን ዱቄት) አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ መያዝ ነው። ሎፔራማይድ የተባለው የተቅማጥ ማስታገሻ ለመንገድ ይጠቅም እንደሆነ ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፤ ትኩሳት ወይም ደም ካለ ግን አይወሰድም።

ሐኪም ቤት ሲኬድ የወሰዱትን ኬሞ ስም የያዘውን ወረቀት ይዞ መሄድ ብዙ ያግዛል። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስወጣ፣ ከምን በኋላ እንደሚብስ ጻፍ ማድረግም እንዲሁ። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ሆድ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ወይም ማስታወኩ ውኃ እንኳ አላስቀምጥ ካለ ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።