የተጎዳ የአኳሪየም ዓሣን ማስታመም

በቤት አኳሪየም የሚኖር ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆስለው እዚያው ገንዳው ውስጥ ባለ ነገር ነው። ጠርዙ ስለታም የሆነ ድንጋይ ይልጠዋል፤ የፊልተሩ መምጠጫ ክንፉን ይይዘዋል፤ በመረብ ሲወጣ ቅርፊቱ ይረግፋል፤ አብሮት የሚኖር ዓሣም ጭራውን ይነክሰዋል። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ጎልድፊሽን የሚመለከት ነው። ቻይናውያን ከ1000 ዓመት በፊት ያላመዱት ይህ ዓሣ ብርቱ ነው፤ ዓይናቸው ወደ ውጭ ያፈጠጠ ዝርያዎቹ ግን ለግጭት የተጋለጡ ናቸው።

የዓሣን ቁስል ከሰው ቁስል የሚለየው ውሃው ነው። እንደ ጎልድፊሽ ያለ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ደሙ ከሚዋኝበት ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው። ቆዳውና በላዩ ያለው ዝልግልግ ሽፋን ሲቀደድ ውሃው ወደ ሰውነቱ ይሰርጋል፣ ጨው ይወጣል፣ ኩላሊቱም ትርፉን ውሃ ለማስወገድ ሌት ተቀን ይለፋል። ጨው የሚመከረው ለዚህ ነው፤ በአንድ ሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ሲጨመር ልዩነቱ ይጠባል፣ ዓሣውም ጉልበቱን ለመዳን ያውለዋል። አዮዲን ያለው የወጥ ቤት ጨው በዚህ መጠን አይጎዳውም። ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ በትነት የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ውሃ ሲሆን፣ ጨው የሚተካው ተቀድቶ በወጣው ውሃ ልክ ብቻ ነው። ብዙ የውሃ ተክሎች ጨው ስለማይወዱ ሕክምናው በሌላ ዕቃ ቢሆን ይመረጣል።

የዓሣ ቆዳ የላይኛው ሽፋን ሕያው ነው። ትንሽ ቁስል ሲደርስበት በዙሪያው ያሉት ሕዋሳት እየተንሸራተቱ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሸፍኑት ይችላሉ፤ ከሥር ያለው ሥጋ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። የረገፈ ቅርፊት ይተካል። ሥሩ ያልጠፋ ክንፍም ከነአጥንቱ ተመልሶ ያድጋል፤ አዲሱ ክፍል መጀመሪያ ላይ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ይታያል። የጠፋ ዓይን አይመለስም፤ ሆኖም ዓሣው በማሽተትና በጎኑ ባለው የውሃ እንቅስቃሴ ተቀባይ መስመር እየተመራ ባንድ ዓይኑ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ዓይኑ ስለጠፋ ብቻ ተስፋ መቁረጥ ትልቅ ስህተት ነው።

ከመድኃኒት ሁሉ የሚቀድመው የውሃው ጥራት ነው። ዓሣ በስንጥቡ የሚያስወጣው አሞኒያ በፊልተር ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚቀንስ ናይትሬት ይለወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ቁስለኛውን በችኮላ ወደ አዲስ ዕቃ የሚያዛውር ሰው ሳያውቅ መርዝ ውስጥ የሚከተውም በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ከነባሩ ፊልተር ስፖንጅ ቆርጦ አብሮ ማስገባትና ከውሃው ሲሶውን በየቀኑ መቀየር ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስንጥቡን ያቃጥላል፣ ባክቴሪያዎቹንም ይገድላል፤ ውሃው አፉ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀን ማደር ወይም የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ሊጨመርበት ይገባል። ውሃው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ በተዋሐዱበት ማከሚያ) በሚታከምበት ከተማ ግን ማሳደር ብቻውን አይበቃም፤ ጠብታው የግድ ነው።

አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ፣ ሙቀቱ እኩል የሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የአየር ፓምፕ ለታማሚ ዓሣ ቅንጦት አይደለም። ውሃውን ማሞቅም ኦክስጅኑን ይበልጥ ይቀንሰዋል።

ዓሣውን መለየት የሚያስፈልገው ሌሎቹ ሲነክሱት ወይም መድኃኒት ሲሰጠው ነው። ሰላም ካለ እዚያው መተው ይሻላል፤ መያዙ ራሱ ያስጨንቀዋልና። ማውጣት ካስፈለገም ከመረብ ይልቅ በጎድጓዳ ዕቃ ከነውሃው መቅዳት ሽፋኑን ያድንለታል። ማረፊያው መደበቂያና ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይኑረው። ምግብ ጥቂት ይበቃዋል፤ የተረፈው ወዲያው ይወጣል።

ቁስሉ ላይ እንደ ጥጥ የተንጨፈረረ ነጭ ነገር ከታየ ብዙ ጊዜ ሳፕሮሌግኒያ የተባለ የውሃ ሻጋታ ነው። ጠፍጠፍ ብሎ ግራጫ ወይም ቢጫ የሚመስለው ግን ኮለምናሪስ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ይህኛው በሙቀት ይፋፋማል፣ በጥቂት ቀናትም ይገድላል። ለሻጋታው ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ መድኃኒት ይረዳል፤ የፊልተሩን ባክቴሪያ ስለሚጎዳ ግን በዋናው ገንዳ ውስጥ አይደረግም። ለሰው የታዘዘ አንቲባዮቲክ በግምት መበተን የማይገባ ነገር ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ።

በሚድን ጎልድፊሽ ቁስል ዙሪያ ጥቁር ነጥብ ብቅ ሊል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የመዳን ምልክት ስለሆነ አያስደነግጥም። ዓሣው ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት በገንዳው ያለው ድንጋይና ጌጥ ሁሉ በናይሎን ስቶኪንግ ይታበስ፤ ስቶኪንጉን የሚይዝ ጠርዝ ክንፍንም ስለሚቀድ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ ወይም ይውጣ።