«የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ»

አንድ ሰው ከዘመድ ወዳጁ ተለይቶ ከሄደ በኋላ ሳይጽፍ፣ ሳይደውል፣ በመንገደኛ እንኳ ሰላምታ ሳይልክ ዓመታት ሲያልፉ «እገሌማ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ» ይባላል። ፍቺው ከራሱ ከውሃ ይነሣል፦ ንጹሕ ውሃ ሽታ ስለሌለው በሽታው ሊፈልገው የወጣ ሰው የሚከተለው ነገር አያገኝም። እኔ ግን አባባሉን በሰማሁ ቁጥር የአውሬ ጠረን እያነፈነፈ መጥቶ ወንዝ ዳር ሲደርስ ግራ ተጋብቶ የሚቆመው የአዳኝ ውሻ ይታየኛል። የአባባሉን ክብደት የሚሸከመው «ቀረ» የሚለው ግስ ነው፤ ጠባቂ ከሌለ ቀሪ የለምና፣ ስለ ጠፋው ሰው እየተናገረ የሚያሰማን በር በሩን የሚያየውን ሰው ስሜት ነው። ተወስዶ ላልተመለሰ ብድርና ቃል ተገብቶበት ላልተሠራ መንገድም ይነገራል።

የቅርብ አቻው «የበላው ጅብ አልጮኸም» የሚለው ነው። ጅብ ሲበላ ይጮኻልና በጩኸቱ የሟቹ መጨረሻ ይታወቃል፤ ካልጮኸ ግን ወሬ ነጋሪ የለም። ሁለቱ በአንድ ቦታ የሚነገሩ ቢመስሉም ልዩነታቸው ሰፊ ነው፤ የጅቡ አባባል ክፉ ነገር ደርሶበት ይሆናል የሚል ስጋት ሲያዝል፣ የውሃው ግን በሄደበት ተመችቶት ረሳን የሚል ወቀሳ አለበት።

በዚህ ወቀሳ ምክንያት ለማን እንደምንናገረው መጠንቀቅ ይገባናል። ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄዳ ፓስፖርቷንና ስልኳን አሠሪዎቿ የቀሟት እኅት ድምፅዋ የጠፋው ስለረሳች አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር በትግራይ ስልክ ተቋርጦ፣ መስመሩ አልፎ አልፎ እየተከፈተ ዳግም ሲዘጋ፣ አዲስ አበባ የነበሩ ልጆች የእናታቸውን በሕይወት መኖር ሳያውቁ ወራት ቈጥረዋል፤ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የመቀሌ በረራ እንደገና ሲጀመርም ብዙዎች በአውሮፕላን ማረፊያው እየተላቀሱ ተቃቅፈዋል። እንዲህ ያለውን መለያየት «የውሃ ሽታ» ማለት በተበዳይ ላይ ወቀሳ መጨመር ነው። ለእነርሱ የሚስማማው፣ እናቶቻችን በስልክ ስንብት ላይ ሁልጊዜ የሚሉት «ለዓይነ ሥጋ ያብቃን» የሚለው ምኞት ነው።