ሳርኮፔኒያ ምንድን ነው? «ጉልበቴ ከዳኝ» ሲሉን ልንሰማው የሚገባ ነገር

አያቴ ደሴ ነው የሚኖሩት። ከሰኞ ገበያ ሽንኩርት ተሸክመው ዳገቱን ሳያርፉ ሲወጡ ነበር የማውቃቸው። ባለፈው ክረምት ግን «እንዴት ነዎት?» ስላቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ጉልበቴ ብቻ ከዳኝ» አሉኝ። ሶላታቸውንም ወንበር ላይ ሆነው መስገድ ጀምረው ነበር።

በኛ ቋንቋ ጉልበት እግር መሀል ያለው መታጠፊያም ነው፣ አቅምም ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራታችን ትክክል ይመስለኛል፤ ሰው ሲያረጅ የአቅሙ ማነስ ቀድሞ የሚታወቀው ከመደብ ሲነሳና ዳገት ሲወጣ ነውና። ሐኪሞች ይህን ሳርኮፔኒያ ይሉታል። ስሙን በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጡት ኧርዊን ሮዘንበርግ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ምግብ ተመራማሪ ናቸው። ከግሪክ የተወሰደ ነው፤ የሰውነት ሥጋ ማጣት እንደማለት።

ከ30 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ ከጡንቻችን ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህሉ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮችም ይመናመናሉ። ቶሎ የሚሄዱት ደግሞ ለፈጣን እንቅስቃሴ የሚያገለግሉት የጡንቻ ክሮች ናቸው፤ ክረምት ላይ ጭቃው ሲያዳልጠን እግራችንን ቶሎ የሚያቆሙልን እነሱ ነበሩ። አረጋውያን የሚወድቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ደግሞ የግድ መክሳት የለም፤ ወፍራም ሰውም ጡንቻው ሊያልቅ ይችላል።

ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ፣ እጅ ደረት ላይ ይጣመር፣ ከዚያ 5 ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ ነው። አጠገባቸው ቁሙ። የአውሮፓ ባለሙያዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባስቀመጡት መለኪያ ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ የጡንቻ ድካም ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይገባል። አያቴን 21 ሰከንድ ፈጀባቸው።

አሁን ዋናው ነገር። እኛ ቤት ሰው ሲያረጅ እናከብራለን፣ ክብራችን ደግሞ ማስቀመጥ ነው። «አይነሱ፣ እኔ አመጣለሁ»፣ «ይረፉ እንጂ»፣ ውኃውን እንቀማለን፣ ረከቦቱን እንቀማለን፣ ከዚያ ጉልበታቸው ሲከዳ «እርጅና ነው» ብለን እንዘጋዋለን። እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ፣ ይቆጨኛል። ጡንቻ ካልሠራ ይሄዳል። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ ሲቆዩ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጥተዋል። ጉንፋን ይዟቸው ሳምንት ሙሉ የተኙ እናት ሲነሱ የሚንገዳገዱት በበሽታው ብቻ አይደለም።

ደግነቱ ይመለሳል። በ1990 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ያሉ፣ 90 ዓመት አካባቢ የሆናቸው 10 ሰዎች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ፤ ልምምዱን የጨረሱት ሰዎች የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ትንሽ ጥናት ነው፣ ግን ዕድሜያቸውን እዩት!

መራመድ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ጡንቻው ክብደት መሸከም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 በላይ ላሉ ሰዎች ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን፣ ሚዛን የሚያስጠብቅ ደግሞ 3 ቀን ይላል። ጂም አያስፈልግም። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ በእግር ጣት መቆም፣ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ በሁለት እጅ ማንሳት። ሲቀል መጨመር። የሶላት ሩኩዕና ሱጁድ፣ የጎረቤታችን የክርስቲያኖቹ ስግደት፣ መነሳትና መጎንበስ ያለበት ሁሉ እግር ያሠራል፤ የሚችል ሰው ወደ ወንበር ባይቸኩል ደስ ይለኛል። ደረት የሚያማቸው ወይም ቶሎ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ካሉ መጀመሪያ ሐኪም።

ምግቡስ? ያረጀ ጡንቻ በትንሽ ፕሮቲን አይነቃም፤ ስለዚህ ከወጣቱ የበለጠ ይፈልጋል። ለአረጋውያን የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝኑ ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፣ አንድ ኩባያ ወተት 8፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18። አያቴ ግን ቁርስ በሻይና በዳቦ፣ ምሳ በቀጭን ሽሮ ያሳልፉ ነበር። ሽሮው ወፈር ይበል፣ ምስርና ባቄላ ይጨመር፣ ከተገኘ የሐይቅ ዓሣ። ለጾመኛም ጥራጥሬው ትልቅ ነገር ነው። ጓያ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ለረጅም ጊዜ በብዛት ከተበላ እግር ያሽመደምዳል። ኩላሊት የሚያማቸው ደግሞ ፕሮቲን ከመጨመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

አያቴ ከጀመሩ 3 ወር ሆናቸው። ጠዋት እንቁላላቸውን ይበላሉ፣ ረከቦቱንም መልሰንላቸዋል። ባለፈው ሳምንት 5ቱን በ14 ሰከንድ ጨረሱ። ዳገቱን ገና አልወጡትም፤ እስከ ውጭ በሩ ግን ያለ ከዘራ ይሄዳሉ።