ወባ፣ ትል እና እርግዝና፦ ሐረርና ድሬ ላይ የሚሰራው ምርምር

የጥገኛ ተህዋስያን ምርምርና የስነ ተዋልዶ ጤና ለብዙ ሰው የማይገናኙ ሁለት ሙያዎች ይመስላሉ፣ አንዱ ላብራቶሪ ሌላው ማዋለጃ ክፍል፣ ግን ሐረርና ድሬ ላይ እድሜውን በዚህ ስራ የሚያሳልፍ ተመራማሪ ሁለቱን አንድ ላይ ያገኛቸዋል፣ እርጉዟ እናት ጋ።

የስራው ዋና መሰረት ሐረር ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ያለው ሐረር ከተማ ከሕይወት ፋና ሆስፒታል ጋር ሲሆን፣ ምስራቅ ሐረርጌ ያለው ቀርሳ ወረዳ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን አረገዘ፣ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ የሚለውን ይመዘግባሉ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሆስፒታል ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው የሚያየው የመጣችለትን ሴት ብቻ ነው፣ ቤቷ የወለደችው አትታየውም። ቻምፕስ የሚባለው የሕፃናትን ሞት መንስኤ የሚያጣራ አለም አቀፍ ኔትወርክም እዚሁ ሐረርና ቀርሳ ይሰራል፣ ሞተው የተወለዱትንም ጨምሮ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወስዳል፣ ያውም ቤተሰቡን አስፈቅዶ ቀብር ሳያዘገይ። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ በራሱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በሐረሪም በሶማልኛም በአማርኛም፣ ገብቶት እሺ እንዲል ማድረግ ከላብራቶሪው ስራ አያንስም።

ወባው ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተህዋስ እርጉዝ ሴት ጋ ሲገባ እንግዴ ልጁ ላይ ሄዶ ይጣበቃል፣ ስለዚህ ከጣቷ የተወሰደው ደም ስላይድ ላይ ንጹህ ሊመስል ይችላል፣ ውስጡ ግን ልጁ የሚያገኘው ምግብና ኦክስጅን እየቀነሰ ነው፣ ውርጃ ይመጣል፣ ያለ ጊዜው መውለድ ይመጣል፣ ወይ ልጁ ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ ይወለዳል። ወባ በጣም በበዛባቸው አገሮች ሴትየዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለምትያዝ የተወሰነ መከላከያ አላት፣ በጣም የሚጎዳትም የመጀመሪያው እርግዝና ነው። እኛ ጋ ወባው አንዴ መጣ አንዴ ጠፋ ስለሚል አምስተኛ ልጇን ያረገዘችም ከጉዳቱ አታመልጥም። እነዛ አገሮች እርጉዞች በክትትል ላይ የሚውጡት የመከላከያ ኪኒን በኢትዮጵያ ፖሊሲ ውስጥ የለም፣ ያለው አጎበርና ቶሎ መርምሮ ማከም ነው።

ድሬ ላይ ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። ስቴፈንሲ የምትባለው ከኤዥያ የመጣች የወባ ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ነው፣ እሷ ረግረግ አትፈልግም፣ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ጉድጓድ ይበቃታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ድሬ ላይ ከ2,400 በላይ የወባ ታማሚ ተመዘገበ፣ በ2019 በነዚሁ ወራት የነበረው 205 ነበር። ወባ ከክረምት በኋላ ነው የሚመጣው ብሎ ለለመደ የጤና ባለሙያ፣ በበጋ ትኩሳት ይዛ ለክትትል የመጣችን እርጉዝ ወባ መርምሩልኝ ማለት ትዝ ላይለው ይችላል፣ ለኔ ትልቁ አደጋ እሱ ነው።

የአንጀት ትል ብዙም አይወራለትም እንጂ ደም ማነስ ላይ ያለው ድርሻ ትልቅ ነው፣ በተለይ መንጠቆ ትል አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፣ እርጉዝ ሴት ደግሞ ሄሞግሎቢኗ ከ11 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲወርድ ደም ማነስ አለባት ይባላል። ጥናቱን የሚያስቸግረው ምርመራው ራሱ ነው፣ ካቶ ካትዝ በሚባለው የሰገራ ምርመራ ዘዴ የመንጠቆ ትል እንቁላል ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ካልታየ ይሟሟና ይጠፋል፣ ስለዚህ ገጠር ቀበሌ አዘጋጅተኸው ሐረር ወስደህ ልየው ብትል ትል የለም የሚል ውጤት ይዘህ ትቀመጣለህ፣ ማይክሮስኮፑ ነው ወደ ቀበሌው መሄድ ያለበት። የትል መድሃኒት ለእርጉዝ ከመጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት በኋላ ይሰጣል።

ቢልሃርዝያም አለ፣ የሽንት ቧንቧ አይነቱ በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ሸለቆዎች የሚታወቅ ሲሆን የሴቷን ብልትና ማህጸን ይጎዳል፣ ምልክቱም ከአባላዘር በሽታ ጋር ስለሚመሳሰል ሴቷ ያልሆነ መድሃኒት እየወሰደች ትሰቃያለች፣ ባሏም ይጠረጥራታል።

የሕክምናው በኩል ትንሽ ተሻሽሏል፣ የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ኮአርተም የሚባለው የወባ መድሃኒት በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሶስት ወራትም እንዲሰጥ መክሯል። ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው የወባ ተህዋስ ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚመለስ የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ለእርጉዝ አይሰጥም፣ እስክትወልድ ደጋግሞ ሊነሳባት ይችላል፣ ከወለደችም በኋላ እያጠባች ከሆነ ወዲያው ላይሰጣት ይችላል። ድሬ ላይ ያለ ወጣት ተመራማሪ ምን ላጥና ብሎ ከጠየቀ እነዚህን እናቶች ከክትትል ጀምሮ ልጃቸው እስኪያድግ መከተል ነው።