«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል»፦ ትርጉሙና መነሻው

ብዙ ሰው ይህን አባባል «ሕግ ይከበር» ለማለት ብቻ ይጠቀምበታል። ከዚያ የጠለቀ ነገር ግን አለው። በጋራ በተያዘ ሀብት ላይ አጥፊ እንዴት እንደሚቆም፣ አንዱ ቅጣት ሠርቶ ሌላው ለምን እንደሚከሽፍ ያሳያል።

መነሻው የዱሮው የሙግት ሥርዓት ነው። ዘብ በአጠገብ በሌለበት ዘመን ተበዳይ «በሕግ አምላክ!» ወይም «በንጉሥ አምላክ!» ሲል በዳዩ ካለበት መቆም ነበረበት። መንገደኛውም «አያገባኝም» ብሎ አያልፍም፤ ቁጭ ብሎ ነገሩን ይሰማል፣ ይዳኛል። በዚያ ካልተቋጨ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው እርስ በርስ ተቋጥሮ በቁራኛ፣ ማለትም አንድ ላይ ታስረው፣ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ወንጀለኛው ካልታወቀ ደግሞ አገሬው ለአውጫጭኝ፣ ተሰብስቦ አጥፊውን ለማጋለጥ፣ ይቀመጣል። ጥሪውን ሰምቶ ያልቆመ ሰው የደፈረው ተበዳዩን ብቻ አይደለም፤ ስማቸው የተጠራውን ሕግና ንጉሥ፣ በዙሪያው የሰማውንም ሰው ሁሉ ነው። ወራጅ ውሃ የተጠራውም ለዚህ ነው፦ ማንም የማያዝዘው ውሃ ከቆመ ሰው ምን ምክንያት አለው?

ለባሕር ዳር ዙሪያ ገበሬ ውሃው ምሳሌ ብቻ አይደለም። ከመርዓዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው፤ በየወንዙ ዳር ደግሞ ገበሬው ራሱ የጠለፋቸው ትንንሽ ቦዮች አሉ። ከላይ ያለው ሰው ተራው ሳይደርስ ሌሊት ቦዩን ሰብሮ ቢያጠጣ ሽንኩርቱ ያምርለታል፣ ጉዳቱ ከታች ላለው ይቀራል። ደለል በሚወጣበት ቀን የቀረ ሰውም ቦዩ ከጸዳ ውሃውን እኩል ያገኛል። ለአንድ ለአንዱ መቅረት ያዋጣል፤ ሁሉም ሲቀር ቦዩ ይደፈናል።

የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎቹ ኧርነስት ፌርና ሲሞን ጌህተር ይህንኑ ዙሪክ ውስጥ በጨዋታ ፈትነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 20 የጨዋታ ገንዘብ ይይዛሉ። ወደ ጋራው የገባ እያንዳንዱ 1 ለአራቱም 0.4 ይመልሳል። ሁሉም ያላቸውን ቢያዋጡ እያንዳንዳቸው 32 ያገኛሉ፤ ሦስቱ አዋጥተው አንዱ ቢደብቅ ግን ደባቂው 44፣ ያዋጡት 24 ይደርሳቸዋል። ቅጣት በሌለበት መዋጮው ከዙር ወደ ዙር ወረደ። ከራስ 1 ከፍሎ ከሌላው 3 ማስቀነስ ሲፈቀድ መዋጮው ከፍ አለ። የሚደንቀው፣ ቀጪው ያንን ሰው ዳግመኛ በጨዋታው እንደማያገኘው እያወቀ መቅጣቱ ነው።

ቅጣት ግን ወጪ አለው፤ የቀጪውም የተቀጪውም ገንዘብ ይባክናል። ጌህተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት ጨዋታው 10 ዙር ብቻ ሲሆን ቅጣት ያለበት ቡድን ብዙም አያተርፍም፣ 50 ዙር ሲሆን ግን ትርፉ ይታያል። ቆይቶ ማስፈራሪያው ብቻ ይበቃልና። ቦይ በየበጋው የሚያገናኛቸው ጎረቤታሞች የረጅሙ ጨዋታ ሰዎች ናቸው። የአባባሉም ብልሃት እዚህ ላይ ነው፦ የመጀመሪያው እርምጃ የሚያስወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ቀሪውንም ሸክም የሰማው ሁሉ ይጋራዋል።

ቅጣት በየት በኩል ይበላሻል? አንዱ መቀጮው እንደ ዕቃ ዋጋ ሲቆጠር ነው። በእስራኤሏ ሃይፋ ከተማ የሕፃናት ማቆያዎች ዘግይቶ ልጁን በሚወስድ ወላጅ ላይ 10 ሼክል ሲጣል የሚዘገዩት በረከቱ፤ መቀጮው ሲነሣም አልቀነሱም። ሽንኩርት በተወደደ ጊዜም ገበሬ መቀጮውን ቆጥሮ ውሃውን ሊሰርቅ ይችላል። ስለዚህ ከገንዘብ ይልቅ ቀጣዩን ተራ ማሳጣት ይሻላል፤ የሰረቀውን ያህል ውሃ ያስከፍለዋልና።

ሌላው በቀል ነው። ይህንኑ የመዋጮ ጨዋታ በተለያዩ አገሮች 16 ከተሞች ባካሄደ ጥናት እንደ አቴንስና ሙስካት ባሉት ያላዋጡት ያዋጡትን መልሰው ይቀጡ ነበር፤ በዚያ ቅጣት ትብብርን አላሳደገም። በቦይ ላይ የበቀሉ ዒላማ የውሃ አባቱ (የውሃውን ተራ የሚያስከብረው ሰው) ወይም ያጋለጠው ጎረቤት ነው። ውሳኔው በጉባኤ ከተሰጠ ቂሙ በአንድ ሰው ላይ አይወድቅም።

ሦስተኛው መጀመሪያውኑ አክብዶ መምታት ነው። የጋራ ሀብት አያያዝን ያጠናችው ተመራማሪ ኤሊኖር ኦስትሮም ለዘመናት የቆዩ የጋራ ሀብቶችን መርምራ ቅጣቱ በደረጃ የሚያድግ መሆኑን አግኝታለች፦ ለምሳሌ በመጀመሪያ ተግሣጽ፣ በድጋሚ መቀጮ፣ ከዚያ ተራ ማሳጣት። የመጀመሪያው ጥፋት ከባድ ካስቀጣ ጎረቤት ጎረቤቱን አያጋልጥም። ጠባቂውም ከሩቅ አይመጣም፤ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ቦዩ ላይ ቆሟል። የተራው ርክክብ ሁለቱም ባሉበት፣ በተወሰነ ሰዓት ይሁን።

ጣና ላይ ግን አባባሉ አቅም ያጣል። ነጭ ዓሣ በክረምት ዕንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ መረብ በወንዙ አፍ ይዘረጋል፤ በሌሊት «በሕግ አምላክ» የሚል የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ጥበቃው ራሱ መዋጮ ይሆናል። በባሌ 49 የደን ማኅበራት ላይ የተሠራ ጥናት፣ ሌላው ከተባበረ እኔም እተባበራለሁ የሚሉ ሰዎች የበዙበት ማኅበር ደኑን በተሻለ እንደያዘና እነዚህ ሰዎች ለጥበቃ ብዙ ሰዓት እንደሚሰጡ አሳይቷል። በጉማራም የመቀጮው ልክ ከመወሰኑ በፊት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም በየሌሊቱ ማን እንደሚጠብቅ፣ የጀልባውንና የነዳጁን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በስም መጻፍ አለበት።