ራስት ለጀማሪ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ራስት የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ 1.0 እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 በመሆኑ፣ በ1991 ብቅ ካለው ፓይተን አንጻር ገና ወጣት ነው። ጅማ ላይ ከተማሪዎች ጋር ስለዚህ ቋንቋ ስንወያይ ተደጋግመው የምሰማቸው አመለካከቶች አሉ፤ አብዛኞቹም ጀማሪን ከደጃፍ የሚመልሱ ናቸው።

«ጀማሪን መርዳት ማለት ቋንቋውን ማቅለል ነው።»

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። በራስት አንድ እሴት፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚይዘው መረጃ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ባለቤት ብቻ ይኖረዋል፤ ጀማሪን የሚያደናግረውም ይኸው ሕግ ነው። ቡና ሲሸጥ እያየ ያደገ የጅማ ልጅ ግን ሐሳቡን ቀድሞ ያውቀዋል፦ ጆንያውን ለነጋዴ ያስረከበ ገበሬ ያንኑ ጆንያ ለሌላ ሰው ሊሸጥ አይችልም፤ አስመዝኖ ብቻ ከመለሰው ግን አሁንም የራሱ ነው። አንድ ፕሮግራም ያስረከበውን እሴት እንደገና ሊጠቀምበት ሲሞክር ኮምፓይለሩ (የተጻፈውን ኮድ መርምሮ ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መልክ የሚለውጠው ፕሮግራም) ኢ0382 (E0382) የተባለውን ስሕተት ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው 1.12 እትም ይህን ሕግ አልነካውም፤ የለወጠው የስሕተት መልእክቱን አቀራረብ ነው። ኤልም ከተባለው ቋንቋ አርአያነት በመነሣት፣ መልእክቱ የተማሪውን ኮድ ራሱን እያሳየ፣ እሴቱ የትኛው መስመር ላይ እንደተላለፈና ከዚያ በኋላ የት እንደተፈለገ ከሥሩ እያሰመረ ማስረዳት ጀመረ። ሕጉ እንደ ጠነከረ ቀረ፣ ተማሪው ግን የት እንደተሳሳተ ማየት ቻለ።

«መማሪያው ኢንተርኔት ላይ እስካለ ድረስ በቂ ነው።»

መብራትና ኔትወርክ እየተቆራረጠበት ለሚማር ሰው በቂ አይደለም። ራስት በተለመደው መንገድ ሲጫን መማሪያ መጽሐፉና ማብራሪያዎቹ አብረው ስለሚወርዱ፣ ከዚያ በኋላ «ራስታፕ ዶክ» (rustup doc) የሚለው ትእዛዝ ያለ ኢንተርኔት ይከፍታቸዋል። ይህን የሚነግራቸው ያላገኙ ተማሪዎች ብዙ ናቸው።

«የእኛ እንቅፋት እንግሊዝኛ ብቻ ነው።»

እንግሊዝኛው ያስቸግራል፤ ይሁን እንጂ የማይታየው እንቅፋት ምሳሌዎቹ ናቸው። በመማሪያዎች የሚዘወተረው የላቲን ቃል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ስልት) አንድ ፊደሉ አንድ ባይት (የማከማቻ መለኪያ) ስለሚይዝ፣ የጽሑፍን ርዝመት የሚመልሰው ትእዛዝ ፊደል የሚቆጥር ያስመስለዋል። «ጅማ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን 2 ሲጠብቅ 6 ያገኛል፤ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛልና። ቃሉን ከመጀመሪያው ባይት በኋላ ልቁረጠው ቢል ደግሞ ፊደሉ መሐል ላይ ስለሚገባ ፕሮግራሙ ይቆማል። ከ1.53 እትም፣ ማለትም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተለዋዋጭ፣ ማለትም እሴት ለሚያዝበት ቦታ፣ «ዋጋ» የሚል ስም በግእዝ ፊደል መስጠት ይቻላል። ደስ ይላል፤ ቢሆንም በአማርኛ ጽሑፍ የሚሠራ አንድ ጥሩ ምሳሌ ከዚህ የበለጠ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

«መማሪያ መጻፍ ያለበት ቋንቋውን የተካነ ብቻ ነው።»

የተካነ ሰው ለእርማት ያስፈልጋል፤ የት እንደተደናቀፈ ግን ከረሳው ቆይቷል። ስለዚህ ጀማሪው ምን እንደጻፈ፣ ምን እንደጠበቀና ኮምፓይለሩ ቃል በቃል ምን እንደመለሰለት በዚያው ዕለት ቢመዘግብ፣ ማስታወሻው ለሚቀጥለው ተማሪ ብቻ ሳይሆን ለቋንቋው አዘጋጆችም ይጠቅማል፤ እነሱ ግራ የሚያጋባ የስሕተት መልእክትን እንደ ማንኛውም ጉድለት ተቀብለው ያርማሉና።