«የዓይን ፔፕታይድ» የሚባለው ምንድን ነው?

«ለዓይን የሚሆነው ፔፕታይድ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ ነገሩን ላፍታታው። ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣት) ሰንሰለት ነው። ኢንሱሊንም ፔፕታይድ ነው፣ የፊት ክሬም ውስጥ የሚገባውም እንደዚያው። ስሙ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ሬቲና፣ ማለትም በዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ብዙ ኦክስጅን ይፈጃል፣ ብርሃንም ሲያርፍበት ይውላል። ስለዚህ ሴል የሚጎዱ የኦክስጅን ውጤቶች ይፈጠሩበታል። እነዚህ ከሴሉ የመከላከል አቅም በላይ ሲሆኑ ኦክሲደቲቭ ስትረስ ይባላል።

ሂውማኒንን እንውሰድ። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ 24 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ነው። በቤተ ሙከራ፣ ሬቲናን የሚመግቡ ሴሎች ላይ ይህን ስትረስ የሚያመጣ ጎጂ ኬሚካል ሲጨመር ሂውማኒን ያገኙት በብዛት ተርፈዋል። ምን ያህል እንደሚከላከል ግን እንደተሰጠው መጠን ይለያያል። ደግሞስ ሳህን ላይ ያለ ሴል የሰው ዓይን ነው እንዴ? ለዓይን የተፈቀደ የሂውማኒን መድኃኒት የለም። በአፍ ቢወሰድ ደግሞ አብዛኛው እንደማንኛውም ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ይፈጫል።

በ2023 አሜሪካ ለዓይን ሕክምና የተፈቀደው ፔግሴታኮፕላን የተባለ መድኃኒትም ፔፕታይድ ነው፤ ሰው የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ሌላ ነው። የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት አንድ ክፍል ይገታል። የሚሰጠው ዓይን ውስጥ በመርፌ ነው፤ በሬቲና ላይ የደረሰ ጉዳት እንዳይስፋፋ ያዘገያል እንጂ የጠፋ እይታ አይመልስም።